በክር ያበረርኳት አውሮፕላን

ባለፈው ሳምንት ለፀጉሬ ቅባት ልገዛ መሪ ኮንዶሚኒየሞች ሥር ወዳለች አንዲት የመዋቢያ ሱቅ ገባሁ። ፀጉሬ ሳስቷል፤ የካ አባዶ እኔ ካለሁበት ብሎክ አጠገብ ያለችው ፀጉር ሠሪ «የጉሎ ዘይት ይቀቡበት» ብላኝ ነው። ሻጯ ፈገግታዋ የማያልቅ ልጅ ናት። «ማዘር፣ ይሄ ፒዩር ነው፣ ኦርጋኒክ፤ እስቲ ያሽትቱት» ብላ የጠርሙሱን ክዳን ከፈተችልኝ። አሸተትኩት፤ ከዚያ በኋላ ያለችኝን አንዱንም አልሰማሁም። አፍንጫዬ ከፀጉር ጋር ምንም ወደማያገናኘው ቦታ ይዞኝ ነጎደ፤ ሾላ ገበያ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የቆርቆሮ ሱቆች፣ የጉሎ ዘይትና ላምባ ተደባልቆ ሲቃጠል የሚሸት አንድ አሮጌ ጠረጴዛ። «ማዘር፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ ልጅቱ። «ደህና ነኝ፤ ይሄን ዘይት ድሮ የምገዛው ለአውሮፕላን ነበር» አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው፤ እኔም አላስረዳኋትም።

ያ ዘመን የድሮው መንግሥት ሄዶ የመጣው ገና «አዲሱ» የሚባልበት ነበር። ዓመቱን ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ፤ የታክሲውን ሒሳብ ግን አልረሳም። ከመገናኛ ኮተቤ ስልሳ አምስት ሳንቲም ነበር። ወያላው «ኮተቤ፣ ላምበረት፣ ኮተቤ!» እያለ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል፤ መልስ ሲጠየቅ ደግሞ ጆሮው አይሰማም። መገናኛ ያኔ መንገድ በመንገድ ላይ አልተደራረበበትም፤ ሰው ከዚህ ጥግ እዚያ ጥግ ያለውን ወዳጁን በስሙ ይጠራው ነበር። ሴቱ ሁሉ ትከሻው ላይ ስፖንጅ የገባበት ጃኬት ያሰፋል፤ እኔ ራሴ ስንቱን ቀጭን ትከሻ የቦክሰኛ ትከሻ አስመስዬዋለሁ። ወንዱ ሱሪውን ጭኑ ላይ ሰፋ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠበብ አስደርጎ፣ ነጭ ካልሲውን እያሳየ ይሄድ ነበር። ከሱቄ ፊት ለፊት ካሴት ቤት ነበር፤ አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይለቁታል። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ዘፈን አልሰማም ባይ ነበርኩ፤ ግን የስፌት መኪናዬን የምረግጠው በዚያው በዘፈኑ ምት ነበር። ደንበኞቼ ያውቁብኝና ይስቁብኝ ነበር።

ጎረቤቴ ከድር ይባላል፤ የስልጤ ሰው ነው። እኔ ልብስ እሰፋለሁ፣ እሱ የላምባ ምድጃና ጄኔሬተር ይጠግናል፤ ሱቆቻችንን የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ስለነበር እሱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው እኔ ነበርኩ። ድሮ የአየር ኃይል ቴክኒሻን ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ከነጓደኞቹ ተሰናበተ፤ ስለዚያ ብዙም አያወራም፣ እኔም ብዙ አልጠየቅኩትም። ስለ አውሮፕላን ሲሆን ግን አፉን የሚያዘጋው አልነበረም። የሚያደምጠውም እኔ ነበርኩ፣ ምክንያቱም የእኔ ነገር ከሱ የባሰ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ የተመኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሚበር ነገር በእጄ መያዝ። ነጥቤ አልደረሰም። አባቴ «እግዚአብሔር በር ሲዘጋ ያው ዘግቷል ማለት ነው» ብሎ የስፌት መኪና ገዛልኝ። መኪናዋን ወደድኳት፤ አልዋሽም። ግን ቦሌ የሚያርፍ አውሮፕላን በሾላ ሰማይ ላይ ባለፈ ቁጥር መርገጤን አቆምና ቀና እላለሁ፤ ብዙ ኮሌታ በዚህ የተነሣ ጠሞብኛል።

አንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሰው ሁሉ በየሱቁ ተከቶ ሳለ፣ ከድር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወደ እኔ ገባ። ፈታው። የክብሪት ቀፎ የምታክል ሞተር ናት፤ ሲሊንደሯ፣ ፒስተኗ፣ ሁሉ ነገሯ የተሟላ። «ሩሲያዊው አስተማሪያችን ሲሄድ የሰጠኝ ናት» አለኝ። «ይቺ ትነሣለች?» አልኩት። «ምን ነካሽ አስቴር፣ ትነሣለች እንጂ! የጉሎ ዘይት፣ ላምባና ኤተር ከሰጠሻት እንደ ንብ ነው የምትጮኸው።» በዚያው ሰዓት ነገሩ ተወሰነ። ማን «አውሮፕላን እንሥራላት» እንዳለ አላስታውስም፤ ሁለታችንም ሳንል አልቀረንም።

አካሏን ከዚያው ከገበያው ሠራናት። ቀርከሃውን ከቅርጫት ሠሪዎች፣ ሳንቃውን ከሻይ ሳጥን አመጣን። ክንፏን ያለበስኳት እኔ ነኝ፤ ለሙሽራ ሚዜዎች ቀሚስ ከተረፈ ሰማያዊ የገበር ጨርቅ። ከድር ጨርቁን በማጣበቂያ ሊለጥፈው ፈልጎ ነበር፣ እኔ እምቢ አልኩ፤ እንደ ኮሌታ ገልብጬ ሰፍቼ፣ አዙሬ ክንፉ ላይ እንደ ጓንት አስገባሁትና ቫርኒሽ ቀባነው። ሲደርቅ በጣት ሲመቱት እንደ ከበሮ ይጮህ ነበር። ኩራቴን ልነግራችሁ አልችልም። ደንበኛ ሁሉ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» እያለ ሲጠይቅ «የሚዜ ቀሚስ ነው» እላቸው ነበር።

ችግሩ መቆጣጠሪያው ላይ መጣ። የከድር የአክስቱ ልጅ ዱባይ ይመላለስ ነበርና አንቴና ያለው ሪሞት ገዝቶ አመጣልን፤ ሪሞቱ ግን ከአየር ማረፊያው አልወጣም። ሞገድ የሚያሰራጭ ዕቃ ያለ ፈቃድ አይገባም ተባለ። ፈቃድ ከሆነ እንጠይቃለን ብለን ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ጠረጴዛው ጋ ያለው ሰውዬ ጨዋ ነበር፣ ክራቫቱን አጥብቆ ያሰረ። «ለምን አገልግሎት ነው፣ እህቴ?» አለኝ። «ለማብረር።» «ለሥራ ነው?» «አይደለም።» «የእርዳታ ድርጅት ነው?» «አይደለም፤ ለደስታ ነው» አልኩት። ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ። «ለደስታ የሚባል የለንም» አለኝ፣ ከልቡ እያዘነ። የሚበር ነገር ከሆነ ሌላ መሥሪያ ቤት ይመለከተዋል ብሎ ላከኝ። እዚያ ደግሞ «ሰው ይጭናል?» አሉኝ። «አይጭንም።» «ዕቃስ?» «አይጭንም።» «ታዲያ ምን ያደርጋል?» «ይበራላ!» አልኳቸው። ይህም የሚገባበት ቦታ አልነበረውም። አንዱ ነገ ሲለኝ፣ አንዱ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ሲለኝ፣ የሰው ሠርግ ቀሚስ እየቆየ፣ ሙሽሮች እየተቆጡኝ፣ በጋው አለቀ።

ከድር ተስፋ ቆረጠ። ያየውን ያየ ሰው ነው፤ መሥሪያ ቤት ሲባል ትከሻው ይወርድ ነበር። «ተይው፤ እንጦጦ ወጥተን ባህር ዛፉ መሀል ሰው ሳያየን እንልቀቃት። ያለ መቆጣጠሪያ እስከሄደችበት ትሂድ፤ ቢያንስ በርራለች እንላለን» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ዛሬ እንጦጦ ፓርክ ሆኖ ሰው ጫማውን አሳምሮ ፎቶ ይነሣበታል፤ እኛ የወጣነው በየካ ሚካኤል በላይ በኩል፣ ቅጠል ተሸካሚ ሴቶች በሚወርዱበት ቀጭን መንገድ፣ አውሮፕላኗን በአንሶላ ጠቅልለን እንደ በሽተኛ ሕፃን ታቅፈን ነው። ጫካው መሀል አንድ ገላጣ ቦታ አገኘን። ከድር ሞተሯን ጠመዘዘ። አንዴ ሳለች፣ ጭስ ተፋች፣ ዝም አለች። ደግሞ ጠመዘዘ፣ ደግሞ ሳለች። ጣቱ እስኪደማ ታገላት። የሞተሯን ነዳጅ ለክቶ ያስተካከለው ሾላ ሳለን ነበር፤ እዚያ ተራራ ጫፍ ላይ አየሩ ምን ያህል እንደሚሳሳ ከኔ ይልቅ እሱ ያውቅ ነበር፣ ያን ዕለት ግን እንዳንያዝ ብቻ እያሰበ ረስቶታል። የአየር ኃይል ሰው አየርን ረሳ። ሰው እየተደበቀ የሚሠራው ሥራ እንዲህ ነው።

ኋላ የደን ጠባቂው ፉጨት ተሰማ። ከድር አውሮፕላኗን ቅጠል ክምር ሥር ሸጎጣት፤ ሁለታችንም ቁጭ አልን። ጠባቂው መጥቶ ከላይ እስከ ታች አየን። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጫካ ውስጥ ተቀምጠው ሲያገኝ ምን እንዳሰበ ለመናገር ነቢይ መሆን አያስፈልግም። «እናንተ ትልልቅ ሰዎች አይደላችሁም እንዴ? አታፍሩም?» አለን። ከድር አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ፊቴ እንደ ካውያ ጋለ። ሠላሳ ዓመት ያለ ነውር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ይሄን ስድብ የጠጣሁት አንዲት የገበር ጨርቅ የለበሰች መጫወቻ ስለሠራሁ ነው? ጠባቂው ሲሄድ አውሮፕላኗን ከቅጠሉ ሥር አውጥተን ወረድን። መገናኛ ስንደርስ ለከድር «ሁለተኛ አልደበቅም» አልኩት። «እና ምን ልታደርጊ?» አለኝ። «ይቺ ነገር በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየኝ ትበራለች። ካልበረረች እሰብራታለሁ።» እውነቴን ነበር። ሰው ፊት ደፋር ነሽ ሲሉኝ የኖሩት ያን ቀን እንዴት እንደተናደድኩ ስለማያውቁ ነው።

ሰኞ ወደዚያ ክራቫታሙ ሰውዬ ተመለስኩ። ሲያየኝ ደከመው። «ዛሬ ፈቃድ ልጠይቅዎ አልመጣሁም» አልኩት። «የተከለከለው ምኑ እንደሆነ እንዲነግሩኝ ብቻ ነው።» ይሄ ጥያቄ ቀለለው መሰለኝ፣ ወንበሩን ሳበልኝ። «ሬዲዮው ነው እህቴ። ሬዲዮ ከሌለው እኛን አይመለከተንም።» ወደ ሁለተኛው መሥሪያ ቤት ሄድኩና ያንኑ ጠየቅኩ። «በነፃ አየር ላይ የሚሄድ ነገር ነው የሚመለከተን» አሉኝ። «ከመሬት ጋር ከታሰረስ?» «የታሰረ? የታሰረማ ፍየል ነው እንጂ አውሮፕላን አይደለም» ብለው ሳቁብኝ። እኔ አልሳቅኩም። አመስግኜ ወጣሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጨርቁ አላደርስ ሲል ሞዴሉን እቀይራለሁ እንጂ ደንበኛዋን እርቃኗን አልሰድም። ሬዲዮውን መቁረጥ፣ አውሮፕላኗን ማሰር፤ በቃ፣ ይሄው ነው።

ለከድር ስነግረው ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ሩሲያዊው እኮ እንዲያ ነበር የሚያበራት! በሁለት ሽቦ ይዞ እሱ መሀል ይቆማል፣ እሷ ዙሪያውን ትዞራለች። እጁን ወደ ላይ ሲያደርግ ትወጣለች፣ ወደ ታች ሲያደርግ ትወርዳለች። እኛ የልጅ ጨዋታ ነው ብለን እንስቅበት ነበር።» ሽቦ የሚሆነን አላገኘንም፤ የጫማ መስፊያ ናይለን ክር ግን ሾላ ሞልቷል። ክሩ ሲጎተት ይለጠጣል፤ ከተለጠጠ ደግሞ የእጅን ትእዛዝ አያደርስም። ይሄ የኔ ሙያ ነው። ክሩን ከጣሪያው ማገር አንጠልጥዬ ከሥሩ የከሰል ካውያዬን አሰርኩበት፤ ተለጥጦ ተለጥጦ ከዚያ ወዲያ አልለጠጥ እስኪል ድረስ ሰነበተ፤ ከዚያ ሰም ቀባሁት። ደንበኞቼ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ካውያ እያዩ በስተኋላዬ ምን ይሉ እንደነበር እግዚአብሔር ይወቅ።

የቀረው ማን ይይዛታል ነበር። መያዝ ማለት በአንድ ቦታ መሽከርከር ነው። ከድር የሱቁ ጓሮ ላይ ባልዲ በገመድ ይዞ ተለማመደ፤ ትንሽ ዞሮ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ወደቀ። ጆሮው በአየር ኃይሉ የጄት ጩኸት ስለተጎዳ ቶሎ ያዞረው ነበር። «አንቺ ነሽ የምትይዣት» አለኝ ከወደቀበት። ቅር ብሎት እንደሆነ ፊቱን አየሁት፤ ቅር አላለውም። እኔ ልቤ እንዴት እንደመታ ዛሬም ይሰማኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልዲ እያዞርኩ ተለማመድኩ፤ ጎረቤቶቻችን ጠበል ውሰዷት ሳይሉ አልቀሩም።

የመረጥነው መሪ ሜዳን ነበር። ዛሬ ያ ሜዳ የለም፤ ቅባት የሸጠችልኝ ልጅ ሱቅም የዚያው ሜዳ ቁራሽ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ያኔ ሣር ነበር፣ ከብት ይግጥበታል፣ ከርቀት ጥቂት ቤቶች ይታያሉ። ቀያሾች መጥተው ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ተክለውበት ሄደዋል፤ ቁፋሮ ሊጀመር ነው ይባል ነበር። ይሄ ቅዳሜ ካለፈ ሌላ ሜዳ የት እናገኛለን? ከተማው እኮ በየቀኑ ይታጠር ነበር። ከድር አሁን ወራቤ ነው፣ የልጅ ልጆች አሉት፤ በዒድ ስደውልለት መጀመሪያ የሚያነሣብኝ ያንን ቅዳሜ ነው። «ፈርተሽ ነበር» ይለኛል። «የፈራኸውስ አንተ ነበርክ» እለዋለሁ። ሁለታችንም ልክ ነን።

ጠራራ ፀሐይ ነበር፣ እንደተመኘሁት። እኔ መሀል ላይ ቆሜ ሁለቱ ክሮች የታሰሩበትን እጀታ ያዝኩ፤ ከድር ክሩ እስከደረሰበት ርቆ አውሮፕላኗን ሣር ላይ ያዛት። ሞተሯን ጠመዘዘ፤ በመጀመሪያው ተነሣች። ድምፅዋ ሜዳውን ሞላው፤ ላም ጠባቂዎች መጡ፣ ከቤቶቹ ሴቶች ወጡ፣ የቀን ሠራተኞች አካፋቸውን ይዘው ቆሙ። ከድር ለቀቃት። ሣሩ ላይ ተንደረደረች፤ እጄን ወደ ላይ ሳብ አደረግኩ፤ መሬቱን ለቀቀች። ጎተተችኝ። ማንም ይሄን አልነገረኝም ነበር፤ የሚበር ነገር በክር ሲያዝ ሰውን ይጎትታል፤ እንደ ሕፃን ልጅ እጅ፣ «ነይ፣ ነይ» እያለ። ጮኼያለሁ። ምን ብዬ እንደጮኽኩ አላውቅም።

በዚህ መሀል የቀበሌ ታጣቂ፣ ካኪ ካፖርት የለበሰ፣ ጠመንጃውን በትከሻው ያነገተ ሰው እየሮጠ መጣ። ያኔ ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ወደ አንድ አቅጣጫ ማየቱ ብቻውን ያስጠይቅ ነበር። «ማነው የፈቀደላችሁ? ማነው የፈቀደላችሁ?» እያለ በቀጥታ ወደ እኔ ወደ መሀል ገባ። ከድር «ወንድሜ ጎንበስ በል!» ብሎ ጮኸ። አውሮፕላኗ በጭንቅላቱ ላይ ሽው ብላ አለፈች፤ ሰውዬው ሣሩ ላይ ተዘረጋ። ቀና ሊል ሲል ተመልሳ መጣች፤ ደግሞ ተኛ። «አስቁሟት!» አለ ከተኛበት። «አትቆምም ጌታዬ» አለው ከድር፣ እሱም በደረቱ እየተሳበ ወደሱ እየቀረበ። «አትቆምም ማለት ምን ማለት ነው?» «ነዳጇ እስኪያልቅ ነው የምትበር። ማጥፊያ የላትም።» «ሴትየዋን ልቀቂ በላት!» «ብትለቃትማ ቦሌ ነው የምትሄደው!» እኔ እየዞርኩ ነበር፤ በዞርኩ ቁጥር የታጣቂው ፊት በፊቴ ያልፋል። መጀመሪያ የተቆጣ ፊት ነበር። ቀጥሎ የፈራ ፊት ሆነ። ከዚያ በጀርባው ተገልብጦ፣ ቆቡን ከግንባሩ ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ሰማያዊዋን ክንፍ በዓይኑ ሲከተል አየሁት።

ሞተሯ አንዴ ተንተባተበችና ዝም አለች። ፀጥ ሲል የነፋሱ ድምፅ በክሩ ላይ ይሰማ ነበር። ቀስ አድርጌ እጄን ዝቅ አደረግኩ፤ ሣሩ ላይ ተንሸራትታ ቆመች። ሰው አጨበጨበ። እኔ ዓለም ሁሉ እየዞረብኝ ካለሁበት ቁጭ አልኩ፤ አለቀስኩም፣ ሰው ፊት፣ ሳላፍር። ኋላ ቀበሌ ተወስደን ነበር፤ ለክስ የሚሆን ስም ያጡለት ነገር ስለሆነባቸው ሲመሽ ለቀቁን፤ ከዚያ በላይ የሚነገር የለውም። ከዚያ በፊት ግን ታጣቂው ተነሥቶ ካፖርቱን አራገፈ።  ከድር ሣሩ ላይ ወዳስቀመጠው ጠርሙስ አገጩን ቀስሮ «ይሄ ምንድነው?» አለ። «የተረፈ ነዳጅ ነው ጌታዬ፤ ለአንድ ጊዜ ይሆናል» አለ ከድር። ታጣቂው ጠርሙሱን አየ፣ አውሮፕላኗን አየ፣ እኔን አየ። ከክሩ ርቀት ውጪ ወጥቶ ሣሩ ላይ ተቀመጠና ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋደመው።

«በሉ እሱን ጨርሱና እንሄዳለን» አለን።

ምድር ገና አልረጋችልኝም ነበር፤ ተነሥቼ እጀታውን ያዝኩ።